የቡና ቁርስ ለሶር ዓሦች

የዘንድሮው የመቱ ጉዟችን የተጠነሰሰው በአንድ አጭር የስልክ ቪዲዮ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ልጄ ለወንድሙ ልጅ የላከለት ነው። ካፖርትና ኮፍያ የለበሱ ሰዎች በአንድ ቦይ ዳር በረድፍ ተቀምጠው ዓሣ በማጥመድ ይወዳደራሉ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ፊሽካው ሲነፋ ግን ማንም መንጠቆውን ለመወርወር አልተጣደፈም። እያንዳንዱ ከባልዲው እንደ ሊጥ የታሸ ነገር ቆንጥሮ፣ በመዳፉ አድቦልቡሎ ወደ ውሃው ወረወረ።

"አባባ፣ ምግቡን ለምንድን ነው የሚጥሉት?" አለኝ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ።

"ዓሣውን ሊጠሩት ነው" አልኩት።

"አንተስ ትችላለህ?"

እችላለሁ ማለት ከበደኝ። ልጅ ሳለሁ ሶር ወንዝ ላይ ይህን የሚችሉ አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ የጓደኛዬ አባት ነበሩ። እኔ ግን ከእሳቸው ከመማር ይልቅ ሌላ ነገር ነበር ያደረግሁት። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። "ፈተናህን ጨርስና መቱ እንሄዳለን" ብዬ ቃል ገባሁለት። ለልጅ የተገባ ቃል ዕዳ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር ውስጥ፣ መንገድ ጀመርን።

ወደ ቡናው አገር

መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው መንገዱን ለሁለት ቀን ከፍሎ ጅማ ማደር ነው። የጊቤን ሸለቆ ወርደን ስንወጣ ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። ጅማ ስንደርስ ተኝቶ ነበር። በማግስቱ አጋሮን አልፈን በደሌ ገባን።

በደሌን አገር ሁሉ የሚያውቃት በቢራዋ ነው። ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ናት፤ በእኔ ልጅነት ግን ሁሉም ኢሉባቦር ይባል ነበር። ምሳ ስንበላ ለልጁ ስለ ብቅል ነገርኩት። ቢራው ከተጠመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት ለከብት መኖ ይውላል፤ የጠላና የአረቄ አተላም እንደዚያው ነው። "ከብቱ የሚወደውን ዓሣውም ይወደዋል" አልኩት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን፣ ዓሣ ለመጥራት የተፈጨ የገብስ ብቅል ቀቅሎ ውሃ ውስጥ መጣልን ይመክራል። የጓደኛዬ አባት ስለ ዋልተን ሰምተው አያውቁም፤ አተላውን ግን ያውቁት ነበር።

ከበደሌ ወዲያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ያዩ ስንደርስ የመኪናውን መስኮት ከፈትን። ይህ ጫካ የዓረቢካ ቡና እንደ ዱር ዛፍ በጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ልጁ ቡና በመደርደሪያ ላይ በፌስታል ታሽጎ እንጂ ዛፍ ላይ አይቶ አያውቅም ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ዛፍ ላይ ነው። ከቡናው በላይ ቆሞ ጥላ የሚሰጠው ብርብራ ረጃጅም ቡናማ ቆቡን አንጠልጥሏል። ዓይኔን መለስኩ።

ማምሻውን መቱ ገባን። ከተማዋ አድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ባጃጁ ብዙ ነው። ጠረኑ ግን ያው ነው፤ እርጥብ አፈር፣ ጭስና ቡና። ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ጥር ላይ ዝናቡ ፋታ ይሰጣል፤ ማለዳው ግን በጉም ይሸፈናል፤ ብርዱም አጥንት ይነካል።

ፈረንጅ ክረምት የሚለው

የልጅነት ጓደኛዬ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ በአባቱ ቦታ ላይ ይኖራል። በር ላይ ተቀብሎ አቀፈኝ። ሁለታችንም ሸብተናል። ከልጅ ልጄ ጋር እኩያ የሆነች የልጅ ልጅ አለችው፤ "አካኮ" ትለዋለች። በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላው የእኔም ልጅ አካኮ ይለው ጀመር።

ስለ ቪዲዮው ስነግረው ሳቀ። "ፈረንጆቹ ክረምት የሚሉት የእኛን በጋ ነው። እነሱ ጋ በረዶ፣ እኛ ጋ ጉም። ዓሣው ግን አንድ ነው" አለ። ከዚያም ለሁለቱ ልጆች በግልጽ ማስረዳት ጀመረ። እኔም ከልጆቹ ጋር ተማሪ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ዓሣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ የውሃውን ይወስዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ የሚበላውም ያንሳል። በዝናቡ ወራት ሶር ደፍርሶ ይሞላል። ጎርፉ ትሉን፣ ፍሬውን፣ ነፍሳቱን እያጠበ ያመጣል። ያኔ ዓሣ በምግብ መጥራት ሠርግ ቤት ቆሎ ይዞ እንደ መሄድ ነው። በጋ ላይ ግን ወንዙ ይቀንሳል፤ ይጠራል። ዓሣው ወደ ጥልቁ ኩሬ ይሰበሰባል፤ ጥላህን ካየ ይሸሻል። የሚጠራ ነገር የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

"ግን" አለ ጓደኛዬ ጣቱን አንሥቶ፣ "የምትሰጡት የቡና ቁርስ ነው፤ ምሳ አይደለም። እንግዳ ቡና ላይ ቆሎ ሲቀርብለት ይቀመጣል፤ ይጫወታል፤ ዓይኑ ወደ ጓዳ ያያል። ምሳ ካበላችሁት ግን ይተኛል።"

አሠራሩን ለሚፈልጉ አያቶች ልንገራችሁ። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ፣ አረቄ ከምታወጣ ጎረቤት የተገኘ አንድ ጭልፋ የተጠለለ አተላ። ጓጉሎ እንዳይቀር በወንፊት ይነፋል። ውሃ ጥቂት በጥቂት ጠብ ይደረግበታል። ሲጨበጥ መያዝ፣ በአውራ ጣት ሲነካ መፍረስ አለበት። ውሃው የሚፈጥን ከሆነ ከወንዙ ዳር የተወሰደ ጭቃ ይጨመርበታል፤ ክብደት ይሰጠውና መሬት ይዞ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ውሃው የተኛ ከሆነ ጭቃው ይቀንሳል። ከዚያ የእንቁላል መጠን ያለው ድብልብል ይሆናል።

የሚጣልበት ቦታም ልብ ይፈልጋል። መንጠቆው ካለበት ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ወደ ላይኛው ወገን ነው፤ ወንዙ ራሱ ያወርደዋልና። በሶር ውስጥ በብዛት ያለው፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ዝርያ ነው። ከአፉ ዳር ባለው ጢም የወንዙን ወለል እየዳሰሰ ይበላል። ሽታው ወደ ታች ሲፈስ፣ እሱ ሽታውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱ ላይ መንጠቆውን ያገኛል፤ መንጠቆው ላይ ደግሞ የምድር ትል አለ።

ፉክክሩ

በማግስቱ ጉሙ ሳይገለጥ ወረድን። ሁለቱ ልጆች እኩል የቀርከሃ ዘንግ፣ እኩል ክር፣ እንደ እርሳስ ክብደት የምታገለግል አንዳንድ ዳዶና እኩል ባልዲ ተሰጣቸው። የእንግሊዞቹ ውድድር አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በመጨረሻ የተያዘው ሁሉ ይመዘናል። እኛ ለሁለት ሰዓት ተስማማን፤ ሚዛን ስላልነበረን በቁጥር።

ልጅቷ ሦስት ድብልብል ጣለችና ቁጭ አለች። የእኔ ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባልዲውን ባዶ አደረገው። ልናገር ስል ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። "ተወው፤ ወንዙ ይንገረው።"

ሩብ ሰዓት ሲሞላ ልጅቷ የመጀመሪያውን አወጣች። ከዚያ አንድ ድብልብል ጨመረች። ሁለተኛውን ስታወጣ እንደገና አንድ። ክሩ ሳይነካ ሲቆይ ምንም አትጨምርም ነበር። "ካልበሉ የጣልኩት አላለቀም ማለት ነው" አለችኝ ስጠይቃት። ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ እሷ ሰባት፣ እሱ አንድ።

ልጁ ፊቱ ቀላ። "እሷ ጥሩ ቦታ ስለያዘች ነው!" ጓደኛዬ መልስ አልሰጠውም። የልጁን አንዷን ዓሣ አንሥቶ ሆዷን ሰነጠቀ። አንጀቷ በፉርሽካና በፋጉሎ ጢም ብሎ ሞልቷል። "ይቺ ስትጠግብ ተሳስታ ነው የያዘቻት። ሌሎቹ እዚያው ከፊትህ አሉ፤ በልተው ተኝተዋል።"

ዓሣው አጥንት ይበዛዋል። የጓደኛዬ ባለቤት ጎኑን በስለት ደጋግማ ሸነታተረችውና በጋለ ዘይት አንጨረጨረችው፤ ደቃቁ አጥንት አብሮ ተቆረጠመ። ትናንሽ ልጆች ላሏችሁ ግን ሥጋውን በእጃችሁ ለቅማችሁ ስጧቸው።

ብርብራው

ማታ ቡና ተፈላ። ልጁ አሁንም አኩርፏል። ደጃፉ ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" አላት ልጅቷን።

"ሶታሎ ነው፤ በአማርኛ ብርብራ። ፍሬው ዓሣ ያሰክራል። ድሮ እየወቀጡ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ዓሣው ሁሉ ይንሳፈፋል።"

የልጁ ዓይን በራ። "ታዲያ ነገ እሱን እናድርጋ! አባባ፣ በአንድ ጊዜ መቶ እንይዛለን!"

ጓደኛዬ አላየኝም፤ ሲኒውን ነው ያየው። እኔ ግን 50 ዓመት ከበላይ የተሸከምኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ዝም ብል ልጁ ይህንን ሌላ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት ያደርገዋል። ከተናገርኩ ደግሞ በእሱ ፊት ማን እንደነበርኩ ያውቃል። ተናገርኩ።

የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሁለት የሠፈር ልጆች ጋር ሆነን ከዚህ ግቢ፣ ከዚሁ ዛፍ፣ የደረቀ ቆብ በከረጢት ለቀምን። ወቀጥነው። በጋ ስለነበር ወደ ሶር ከሚገባ ጅረት ላይ አንድ ኩሬ መረጥን፤ የጓደኛዬ አባት ሁልጊዜ የሚቀመጡባት ኩሬ ነበረች። ዱቄቱን በተንን። ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ መጡ። ትላልቆቹን 15 ያህል ይዘን ሮጥን። የቀሩት ግን ከጣት የማይበልጡ ነበሩ፤ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ኩሬዋን ሸፈኗት። ከኋላዬ ያየሁት ያን ነው።

በማግስቱ ሰውየው ባልዲያቸውን ይዘው ወርደው ተቀመጡ። በዚያ በጋ ከዚያች ኩሬ ምንም አላወጡም። ዛፉ የሳቸው መሆኑን ስላወቁ፣ ቆቡን የለቀመው ልጃቸው መሰላቸው። ጓደኛዬ ተገረፈ። እሱ በዚያ ቀን ከእናቱ ጋር ገበያ ነበር። እኔ ጩኸቱን ከአጥር ወዲያ ሰማሁ። ምንም አልተናገርኩም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ሲያየኝ ይሰማኛል።

ጓደኛዬ ሲኒውን አስቀመጠ። "ግርፋቱ ያን ጊዜውኑ አለፈ" አለ። "ያላለፈልኝ ሌላ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ ወንዝ ይዞኝ አልወረደም። ባልዲውን ይዞ ብቻውን ሲሄድ በር ላይ ቆሜ አየው ነበር።"

"ይቅር በለኝ" አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል። ጀበናውን ከባለቤቱ እጅ ተቀብሎ በራሱ እጅ ቀዳልኝ። "በረካውን ሳትጠጣ አትነሣም" አለኝ። ጠጣሁ። ልጁም ከዚያ ማታ በኋላ የብርብራን ነገር አላነሣም።

ለአንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይህ ነገር የዓሣው ሰውነት ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያግዳል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል ማለት ነው። ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። ዛፉ ግን ወንጀል የለበትም፤ ለቡናችን ጥላ ነው።

ጎሬ ደርሰን ስንመለስ

በአራተኛው ቀን ጎሬ ሄድን፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝምተኛ፣ ታሪኳ ከመጠኗ የሚበልጥ ከተማ ናት። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፣ ለረጅም ዘመንም የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ፣ ራስ እምሩ ጠላትን ለመቋቋም የተነሡት ከዚህችው ከተማ ነው። ቡናው ከዚህ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ በባሮ ላይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዛል።

ልጁን የገረመው የወንዙ ነገር ነው። እኛ ዳሩ ላይ የተቀመጥነው ሶር ወደ ገባ ወንዝ ይገባል። ገባ ከብርብር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። ባሮም ወርዶ ወርዶ ወደ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። "ስለዚህ የእኔ ፉርሽካ ግብፅ ሊደርስ ይችላል" አለ። ሳቅን። ከሽንፈቱ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ባሮ ዳር ግን አልወሰድኩትም፤ ባሮ ዓሣው ትልቅ ነው፤ አዞም አለው። ልጅ ይዞ የሚቀመጡበት ዳር አይደለም።

ሶርም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ልጁ ጫማ ያድርግ፤ ከዳር አንድ እርምጃ ይራቅ። መንጠቆ ሲወረወር ከኋላ ማንም አይቁም። ጊዜ ያለው ሰው በጫካው ውስጥ በእግር ተጉዞ የሶርን ፏፏቴ ይይ፤ የውሃው ድምፅ ውሃው ሳይታይ ነው የሚቀበለው። እዚያ ግን ማየት እንጂ ማጥመድ የለም።

የመጨረሻው ማለዳ

ልንመለስ ዋዜማ ልጁ ራሱ ቀሰቀሰኝ። ፉርሽካውን በማታ ነፍቶ፣ አተላውን ለምኖ አዘጋጅቶታል። ጉሙ ውስጥ ወረድን። ጓደኛዬና እኔ ከኋላቸው በአንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

ልጁ ሦስት ድብልብል ጣለ፤ ከመንጠቆው በላይ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። እጁ ወደ ባልዲው ሲሄድ አየሁት። ባልዲው አፍ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። ጓደኛዬ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ክሩ ተወጠረ።

በመጨረሻ ልጅቷ ስድስት፣ እሱ አራት። ከአራቱ አንዷ ትንሽ ስለነበረች ሳይጠየቅ እጁን አርሶ፣ መንጠቆውን አላቆ ወደ ውሃው መለሳት። "እሷን ትቆጥሩልኛላችሁ?" አለ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና "እሺ፣ ትቆጠርልህ" አለችው። እንዲያም ሆኖ ያሸነፈችው እሷ ናት።

ማታ ለአጎቱ ደወለ። ሁሉን ነገረው፤ የፉርሽካውን ልክ፣ የጭቃውን፣ የቡና ቁርሱን። ስለ እኔና ስለ ብርብራው ምንም አላነሣም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ "እሱን አንተ ራስህ ንገረው" አለኝ። ልክ ነው። የእኔ ነገር ነውና ለልጄም ነገርኩት።

በማግስቱ መኪና ላይ ስንጭን ልጁ የቀርከሃውን ዘንግ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚያደርግበት ሳልጠይቀው ጓደኛዬ ከእጁ ተቀበለው። ወደ ቤት ገብቶ ከልጅቷ ዘንግ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

"እዚህ ይቆይህ" አለው። "ጥር ሩቅ አይደለም።"